ቤተሰብ ይዞ በወሎ መንገድ፦ ባጃጅ፣ ሚኒባስ፣ አውቶቡስ ወይስ ኮንትራት?

እህቴ ባሏንና ሦስት ልጆቿን ይዛ ከባሕር ማዶ የመጣች ጊዜ ሦስት ሳምንት ሙሉ መንገድ ላይ ነበርን። ከደሴ እየተነሳን ኮምቦልቻ፣ ባቲ፣ ሐይቅ፣ በመጨረሻም ላሊበላ ደረስን። የቤት መኪና የለንም። ትንሹ ልጅ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም፤ ትልቋ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እናታችን ጉልበቷን ስለሚያማት ከፍ ያለ መኪና ላይ ስትወጣ ሰው ይደግፋታል። እኔን ጨምሮ ሰባት ነን። ከዚያ ወዲህ እንግዳ የመጣበት ዘመድና ጎረቤት ሁሉ "በምን ብንሄድ ይሻላል?" እያለ ይጠይቀኛል፤ ለእነሱ የምነግራቸውን ነው እዚህ የጻፍኩት።

ብዙ ሰው አስቀድሞ "ስንት ነው?" ይላል። እኔ አሁን አስቀድሜ የምጠይቀው "መንገዱ ይወጣል ወይስ ይወርዳል?" ብዬ ነው። ወሎ ውስጥ ሜዳ ላይ ብቻ የሚሄድ መንገድ ጥቂት ነው። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ጠለል ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው፤ ከፍታዋ ግን 1,850 ሜትር አካባቢ ነው። በዚያች አጭር መንገድ 600 ሜትር ገደማ ትወርዳላችሁ ማለት ነው። ሒሳቡ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ከተማ ውስጥ፦ ባጃጅ ወይስ ታክሲ

በደሴ ዋናውን አስፋልት ይዘው በፒያሳ፣ በቧንቧ ውሃና በሸዋ በር በኩል የሚመላለሱ የከተማ ታክሲዎች አሉ። ሒሳቡ ትንሽ ነው፤ ለሁለትና ለሦስት ሰው ሸጋ ነው። ችግሩ ሰፈሮቹ ያሉት በግራና በቀኝ ዳገቱ ላይ መሆኑ ነው። ታክሲው አስፋልት ላይ ያወርዳችኋል፤ የቀረውን በእግር ትወጣላችሁ። እናታችንን ይዘን አንድ ቀን ሞክረነው፣ በሁለተኛው ቀን ተውነው።

ባጃጅ ደጃፍ ድረስ ይደርሳል። ግን ባጃጅ የተሠራው ለሹፌሩና ከኋላ ለሚቀመጡ ሦስት ሰዎች ነው። ሞተሩም ትንሽ ነው። ይህን በወሬ ሳይሆን በዓይኔ ያየሁት የንጉሥ ሚካኤልን የግብር አዳራሽ፣ አይጠየፍን፣ ለልጆቹ ለማሳየት በወጣንበት ከሰዓት ነው። ዝናብ ጀምሮ ነበርና ባጃጅ ፍለጋ የምንቆምበት ጊዜ አልነበረንም፤ አንድ ሹፌር "ግቡ፣ ትችላላችሁ" አለን። እኔ፣ እህቴ፣ እናታችንና ሁለቱ ትልልቅ ልጆች ገባን። ዳገቱ አጋማሽ ላይ የኋላ ጎማው እርጥቡ ኮብልስቶን ላይ ተንሸራተተ። ሞተሩ ይጮኻል፣ ባጃጁ ግን ወደ ኋላ ይላል። የጎኑ ሸራ በንፋስ ይርገበገባል፤ የእህቴ ልጅ የፊቱን ብረት በሁለት እጇ ጨብጣ ጣቶቿ ነጭ ሆነው ነበር። ሹፌሩ ፍሬን ይዞ አቆመ፣ እኛም ወረድን። ምንም አልደረሰብንም፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ እናታችን ለባጃጅ "ሦስት ሰው፣ አራተኛ የለም" የምትል ሕግ አወጣች።

በማግስቱ ያገኘነው ወጣት ደግሞ ገና ስንቀርብ ቆጠረንና "እናቴ፣ እንዲህ ሆናችሁ ዳገቱን አይወጣም፤ ጓደኛዬን ልጥራላችሁ፣ ለሁለት ተከፈሉ" አላት። ገንዘብ ከመቀበሉ በፊት ይህን የሚል ሹፌር ካገኛችሁ ስልኩን ያዙ። እኛ የቀሩትን የደሴ ቀናት ከእሱና ከጓደኛው ጋር ጨረስን።

ባጃጅ ውስጥ ልጅ መሃል ይቀመጥ፤ ትልቅ ሰው በሁለቱም ጎን ይሁን። ከሹፌሩ አጠገብ ልጅም ሻንጣም አይቀመጥም። ትልቅ ሻንጣ ካላችሁ ባጃጅን እርሱት፤ ከወንበሩ ጀርባ ያለው ቦታ ለእጅ ቦርሳና ለዘምቢል እንጂ ለአውሮፕላን ሻንጣ አይሆንም። ስትስማሙ ደግሞ "በኮንትራት ነው ወይስ በሰው?" ብላችሁ ለዩ። በሰው ከሆነ ሹፌሩ መንገድ ላይ ሌላ ተሳፋሪ ማንሳቱ መብቱ ነው። በኮንትራት ከሆነ የሦስቱን ወንበር ሒሳብ አስሉት፤ የሚጠየቀው ከዚያ ብዙ ከራቀ ምክንያቱን ጠይቁ። ዳገት፣ ዝናብ፣ ምሽት በቂ ምክንያት ናቸው። የእንግዳ ፊት ማየት ግን ምክንያት አይደለም።

ሁለት ቀኖችን ልብ በሉ። አርብ እኩለ ቀን ላይ ብዙ ሹፌር ለጁምዓ ስለሚቆም በሸዋ በር በኩል ባጃጅ ማግኘት ያስቸግራል፤ መንገዱም በሰጋጁ ይሞላል። ሰኞ ደግሞ የገበያ ቀን ነው፤ ሕፃንና አዛውንት ይዛችሁ ሰኞ ገበያ አካባቢ በመኪና ለማለፍ አትሞክሩ።

ሐረጎን መውረድ፦ የጋራ ሚኒባስ ወይስ ኮንትራት

በዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ ምክንያቱም በኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ወደ ደሴ ሲወጣም ሆነ ሲመለስ የሚገጥመው የሐረጎ መንገድ ነው። መንገዱ አስፋልት ነው፤ ይጠመዘዛል፤ ከባድ መኪና ይበዛበታል።

የጋራ ሚኒባስ ከመናኸሪያ ሲሞላ ይነሳል። ቀን ቀን ብዙም አያስጠብቅም። ታሪፉ የታወቀ ነው፤ ተራ አስከባሪውን ብትጠይቁ ይነግራችኋል፤ በደላላ በኩል መግባት አያስፈልግም። ሕፃን በጭን ከያዛችሁ አብዛኛውን ጊዜ ሒሳብ አይጠየቅበትም፤ ይህን ግን ከመቀመጣችሁ በፊት ለረዳቱ ንገሩት። መኪናው ከተነሳ በኋላ የሚነሳ ክርክር ልጆቹን ያስፈራል። ከሹፌሩ ኋላ ያለውን ረድፍ ያዙ። የመጨረሻው ወንበር ጎማ ላይ ስለሆነ ያንገላታል፤ ልጅም ያስመልሳል። ተጣጣፊውን ወንበር አትቀበሉ፤ ሰው በወረደ ቁጥር ተነሱ ትባላላችሁ፣ ለሽማግሌም መደገፊያው አይመችም። ሻንጣ ፖርቶመጋላ ላይ ከወጣ ሲታሰር ቆማችሁ እዩ፤ ክረምት ከሆነ ሸራ መኖሩን ጠይቁ።

እኛ መጀመሪያ የወረድነው በጋራ ሚኒባስ ነው። ሹፌሩ ቁልቁለቱን በሙሉ እግሩን ከፍሬን ሳያነሳ ወረደ። ግማሽ መንገድ ላይ የተቃጠለ ጎማ የሚመስል ሽታ መጣ፤ መካከለኛው ልጅ ፌስታል ላይ አስመለሰ፤ እህቴ በአንድ እጇ እሱን፣ በሌላው ሕፃኑን ይዛለች። ባሏ ጎንበስ ብሎ "ወንድሜ፣ በማርሽ ያዘው" አለው። ሹፌሩ ዞር ብሎ አላየውም። ፍሬን ሲግል መያዙን ይቀንሳል፤ ረጅም ቁልቁለት በዝቅተኛ ማርሽ ተይዞ የሚወረደው ለዚህ ነው። ይህን ለማወቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም፤ ሞተሩ ሲወርድም ድምፁ ከተሰማ ማርሹ ይዞታል፤ ሞተሩ ዝም ብሎ ፍሬኑ ብቻ የሚሸት ከሆነ "ጋብ አድርገው፣ ልጆች ይዘናል" በሉ። ጨዋ ሹፌር አይቀየምም። ሹፌሩ ካልሰማችሁ ሜዳ ስትደርሱ ወርዳችሁ ሌላ ያዙ፤ የከፈላችሁት ብር አያሳስባችሁ።

ሲመለሱ አውሮፕላን ማረፊያ ያደረስናቸው በኮንትራት ነው። እንዲህ ነው ያሰብነው፦ ሰባት ነን፣ ሕፃኑ በጭን ስለሆነ ስድስት ወንበር እንይዛለን። አሥራ ሁለት ሰው የሚጭን ሚኒባስ ከሆነ ግማሹን ወንበር ከፍለናል ማለት ነው። ሙሉውን ብንይዘው በጋራ ከምንከፍለው እጥፍ ይሆናል። ሹፌሩ ባዶውን የሚመለስ ከሆነ ያንንም ይቆጥራል፤ ለዚህ ነው የአንድ ጉዞ ኮንትራት ውድ የሚመስለው። በዚያው ቀን አብራችሁት የምትመለሱ ከሆነ ግን ዋጋው ይላላል፤ ድርድሩን ከዚህ ጀምሩ። ለአራት ሰው ቤተሰብ ሒሳቡ ሌላ ነው፤ ለእናንተ ትንሽ አውቶሞቢል ይሻላል እንጂ ሚኒባስ ኮንትራት መያዝ ብክነት ነው።

ኮንትራት የሚያስገኘው ትልቁ ነገር ግን ቁም ማለት መቻል ነው። ልጅ ሽንት ሲመጣበት፣ ሲያስመልሰው፣ እናታችን እግሯን ልትዘረጋ ስትፈልግ መኪናው ይቆማል። ያን ቀን ሐረጎ ላይ ሁለት ጊዜ ቆምን። በሁለተኛው ጊዜ ትልቋ ልጅ ከታች ያለውን የኮምቦልቻን ሜዳ እያየች ዝም ብላ ቆየች፤ በመጀመሪያው ጉዞ ይህ ሁሉ ሲያልፍ ዓይኗን ጨፍና ነበር።

ከሹፌር ጋር ስትነጋገሩ

ዋጋ ከመጥራታችሁ በፊት ምን እንደሚጨምር ለዩ፦ ነዳጅ፣ ቆይታ፣ የመናኸሪያ ክፍያ። ጉዞው የሚያድር ከሆነ የሹፌሩ አልጋና ምግብ በማን ነው? ይህ ሳይነገር ቀርቶ ማታ ላይ ፊት ሲጠቁር አይቻለሁ፤ ሹፌሩም ተበድሎ፣ ቤተሰቡም ተታልሎ የመሰለው ሳይነጋገሩ ስለቀሩ ብቻ ነበር። በቴሌብር የምትከፍሉ ከሆነ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ኔትወርክ የሚጠፋበት ቦታ ስላለ ዝርዝር ብር ከእጃችሁ አይጥፋ።

ከውጭ ለሚመጡ ሰዓቱ ራሱ አንድ ጉዳይ ነው። የእህቴ ባል አድጎ የኖረው ውጭ ነው። ለሹፌሩ ስልክ ደውሎ "ነገ ስምንት ሰዓት" አለው፤ እሱ ያሰበው የጠዋቱን ሁለት ሰዓት ነው፤ ሹፌሩ የመጣው ከምሳ በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ግማሽ ቀናችን ሄደ፤ ማንም አላጠፋም። "ከጠዋቱ"፣ "ከሰዓት በኋላ" የሚለውን ቃል ሳትጨምሩ ሰዓት አትቅጠሩ።

መኪናውን ስታዩ የኋላውን የደህንነት ቀበቶ ፈልጉ። በብዙ አውቶሞቢሎች ላይ ቀበቶው አለ፤ ማሰሪያው ግን የወንበሩ ልብስ ሥር ተቀብሯል። እኛ የልብሱን ላስቲክ አንስተን በእጃችን እየዳሰስን ነው ያገኘነው፤ ሹፌሩም "ለካ አለ!" ብሎ ተገረመ። የሕፃን ወንበር በኪራይ አገኛለሁ ብላችሁ አትምጡ፤ ካላችሁ ከቤታችሁ ይዛችሁ ኑ፣ ቀበቶ ባለው መኪና ላይ ይታሰራል። በጋራ ሚኒባስና በባጃጅ ላይ ግን ማሰሪያ የለውም። ጎማውንም እዩ፤ ጥርሱ ያለቀ ጎማ በክረምት ቁልቁለት አይታመንም። የሦስተኛ ወገን መድን ተለጣፊው መስታወቱ ላይ መኖሩን ማየትም ነውር አይደለም።

ባለፉት ዓመታት በክልሉ ካለው የጸጥታ ችግር የተነሳ መንገድ የሚዘጋበት፣ ባጃጅ እንዳይንቀሳቀስ የሚባልበት ቀን አለ። ስለዚህ ትናንት የሰማችሁትን ይዛችሁ አትነሱ፤ በዚያው ጠዋት መናኸሪያ ጠይቁ። ከዚያው መንገድ ያደረ ሹፌር የሚነግራችሁ ከሁሉ ይታመናል። በማናቸውም መንገድ ፀሐይ ሳትጠልቅ ግቡ።

ረጅሙ መንገድ

ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለዚህ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ይበቃል፤ ወንበሩ ሰፊ ነው፤ ትኬት አስቀድማችሁ ቆርጣችሁ መሃል አካባቢ ተቀመጡ። የጣርማ በርን ዋሻ ካለፋችሁ በኋላ መንገዱ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳልና ጆሮ የሚደፈንበት ልጅ ካለ የሚጠባውን ወይም የሚያኝከውን አዘጋጁ። ቅጥቅጥ ለአጭር መንገድ እንጂ ልጅ ይዞ ለሙሉ ቀን ጉዞ አልመክርም።

ባቲ የሰኞ ገበያ ከሚሄዱት ወገን ከሆናችሁ ከኮምቦልቻ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ወደ ሚሌና ወደ ጅቡቲ የሚወስድ ስለሆነ የጭነት መኪና አይጠፋበትም፤ ሙቀትም አለ። በጠዋት በጋራ ሚኒባስ ሂዱ፤ ገበያተኛው ከመመለሱ በፊት ተመለሱ። ከሰዓት በኋላ ወንበር ለማግኘት ግፊያ ነው።

ላሊበላ ግን ሌላ ነገር ነው። ከደሴ ወልድያ 120 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከዚያ ቻይናውያን የሠሩትን የወልድያ–ወረታ መንገድ ይዞ በዲልብ ዳገት ጋሸና፣ ከጋሸና ደግሞ 64 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን። በጠቅላላው 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ገንዘብ ለመቆጠብ ከደሴ ወልድያ በአንድ መኪና፣ ከወልድያ በሌላ መሄድ ይቻላል። ወጣት ከሆናችሁ፣ ሻንጣችሁ አንድ ከሆነ ይህ ጥሩ ነው። ልጅ ይዛችሁ ግን ወደ ባሕር ዳር በሚሄድ መኪና ተሳፍራችሁ ጋሸና ላይ ወርዳችሁ ሌላ ለመጠበቅ አትዳረጉ። ጋሸና ደጋ ነው፤ ነፋሱ ያንቀጠቅጣል፤ መኪና ደግሞ ሲሞላ ነው የሚነሳው። እኔ ለቤተሰብ የምመርጠው ደርሶ መልስ ኮንትራት ይዞ፣ ወልድያ አድሮ፣ ዳገቱን በጠዋት መውጣት ነው። አቅም ያለው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ይሂድ፤ ማረፊያው ከከተማው 20 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚርቅ ሆቴላችሁ መኪና ይልክ እንደሆነ ከመነሳታችሁ በፊት ጠይቁ። ለገና የምትሄዱ ከሆነ የመመለሻውንም መኪና ከመሄጃው ጋር አብራችሁ ያዙ። ምዕመኑ ሁሉ በአንድ ቀን ስለሚመለስ ላሊበላ ላይ ያኔ መኪና መፈለግ ከባድ ነው።

ሐይቅ፦ መኪናም ጀልባም

ሐይቅ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው። ለግማሽ ቀን ሽርሽር ከዚህ የሚሻል የለም። በጋራ ሚኒባስ ሐይቅ ከተማ ወርዳችሁ ወደ ውሃው በባጃጅ ትገባላችሁ። ሲሄዱ ይህ በቂ ነው፤ መንገዱም እንደ ሐረጎ አያስፈራም። የሚያስቸግረው መመለሱ ነው፤ ከወልድያ የሚመጣው ሚኒባስ ሐይቅ ሲደርስ ሞልቶ ነው፤ አንድና ሁለት ሰው ያገኛል፣ ሰባት ሰው አያገኝም። ከአራት በላይ ከሆናችሁ የሚጠብቃችሁን ኮንትራት ያዙ።

የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት፣ ወንዶች ብቻ የሚገቡበት ነው። ስለዚህ ቤተሰቡ ለሁለት ይከፈላል። ሴቶቹና ሕፃናቱ የሚቆዩበትን ጥላ፣ የምትገናኙበትን ሰዓትና ቦታ መኪናው ውስጥ ሳላችሁ ተነጋገሩ። እኛ አሳ የሚጠበስበት ቦታ ላይ ቆየን፤ አማቻችን መካከለኛውን ወንድ ልጅ ይዞ ገባ።

ጀልባ መግባት ለፈለገ ከባጃጅ የበለጠ ይጠንቀቅ። ውሃው ዳር ላይ የዋህ ይመስላል፤ ጥልቅ ቦታው ግን ከ80 ሜትር ያልፋል። በልጆቹ ቁጥር የመንሳፈፊያ ጃኬት ከሌለ አትግቡ፤ ለትልቅ ሰው የተሰፋውን ለሁለት ዓመት ሕፃን ማልበስ ደግሞ እንደሌለ ይቆጠራል፤ በአንገቱ ሾልኮ ይወጣል። ባለጀልባው ትንሽ ጃኬት ስላልነበረው ሕፃኑና እህቴ ዳር ላይ ቀሩ። አልከፋቸውም፤ ሕፃኑ እግሩን ውሃ እያስነካ ሲስቅ ዋለ።

ወደ ደሴ ስንመለስ እናታችን ከፊት ተቀመጠች። ሹፌሩ በየመታጠፊያው "እማማ፣ አብሽሪ" ይላታል፤ እሷም ትመርቀዋለች። ቤት እንደገባን መነጽሯን አምጥታ ቁጥሩን ስልክ ደብተሯ ላይ አስጻፈችኝ። ስሙን ስጠይቃት "ቀስ ብሎ የሚነዳው በይና ጻፊው" አለችኝ።